ፍየል የገባበት ደንብ

ባለኪሷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ተራራው ቤታቸው ላይ ወረደ። ማጋነኔ አይደለም። ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ሲወርድ ሰነበተ፤ በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከበላይ ያለው ገደል ተንዶ መጣና እናቷን፣ ሁለት ላሞችንና የቤቱን እኩሌታ ይዞ ወንዝ ገባ። እሷና ታናሽ ወንድሟ ያን ጊዜ አልጋ ሥር ነበሩ። አልጋ ሥር የገቡት አደጋውን አውቀው አልነበረም፤ አንዲት ዶሮ እንቁላል ልትጥል ገብታ አልወጣም ስላለቻቸው ነው። የበሩ ሳንቃ አልጋው ላይ ወደቀ፣ ጭቃው ሳንቃው ላይ ተከመረ፣ ሁለቱ ልጆችና ዶሮዋ ከሥር ቀሩ።

ቆፍረን የደረስንባቸው ከቀትር በኋላ ነው። እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አካፋ ከያዙት አንዱ ነኝ። ትንሽ እጅ ከጭቃው ሲወጣ አይተን ትልልቆቹ ወንዶች ሁሉ አለቀስን። ከውስጥ ግን የልጅ ድምፅ፣ "ቀስ በሉ! እንቁላሉን እንዳትሰብሩት!" አለን። ወንድሟን በአንድ ክንዷ፣ እንቁላሉን በሌላው እጇ ይዛ ወጣች። ዶሮዋ ቀድማን ወጥታ የፈረሰው ግድግዳ ላይ ስትጭር አገኘናት፤ በየት በኩል እንደወጣች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከቤት ርቆ የተረፈው አባቷ ከሰል አክሳይ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ "ተራራውን ምን ነካው?" እያለ ሲጠያየቅ ከረመ። መልሱን የማያውቅ አልነበረም። የሁላችንም ቤት ማገርና ወራጅ፣ የሁላችንም ምድጃ አመድ ከዚያ ተራራ የመጣ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የቀረችው ከወገቡ ላይ የቆመች አንዲት ዝግባ ብቻ ነበረች። እሷንም የተውናት ለተራራው አዝነን አልነበረም፤ ስብሰባችንን የምናደርገው ከሥሯ ስለሆነ ነው።

ይህን ነገር እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ መንደር በጣራ ሥር የተወሰነ ነገር ውሳኔ አይባልም። በጣራ ሥር የሚሰበሰብ ሰው የቤቱን ባለቤት ዓይን እያየ ነው የሚናገረው፣ ያበላውን ሰው አይቃወምም ብለው የቀድሞዎቹ ሽማግሌዎች ወስነዋል። ስለዚህ የመሬት ክርክር ይሁን የውሃ ተራ፣ ዝግባዋ ሥር ካልተባለ እንዳልተባለ ይቆጠራል። ጥሩ ልማድ ነው። ዛሬም ጥሩ ልማድ ነው እላለሁ።

ባለኪሷ ወንድሟን እናትም እህትም ሆና አሳደገችው። ስሟ የወጣላት በሃያዎቹ ዕድሜዋ ነው። የቀሚሷ፣ የሹራቧ፣ የኮቷ ኪስ ሁሉ በዛፍ ፍሬ የተሞላ ነበር። ልብስ ሰፊዋ፣ "አንቺ እኮ ልብስ አይደለም የምታሰፊው፣ ከረጢት ነው" እያለች ታሾፍባት ነበር። ሁለት ቀን መንገድ ተጉዛ፣ ጫካ ከተረፈበት አገር የወይራና የጥድ ፍሬ ለቅማ ትመጣለች። ትዘራለች። አይበቅልም። ደግማ ትዘራለች። አይበቅልም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ችግኝ በስተቀር ምንም አላገኘችም፤ እሱም ጎመን ሆኖ ተገኘ።

በአራተኛው ዓመት ወፎች ከሚሰፍሩበት ቋጥኝ ሥር፣ ከኩሳቸው መሃል፣ ጣት የምታህል ወይራ በቅላ አየች። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ በወፍ ሆድ ካላለፈ ወይም በዘዴ ካልተሰነጠቀ እንዲህ በቀላሉ አይበቅልም። ይህን ማንም አላስተማራትም። ከዚያ ወዲህ ፍሬ መልቀሟን ትታ የወፍ ኩስ መልቀም ጀመረች።

ወንድሟ አናጢ ሆኖ ነበር። ሊያገባ ያሰባትን ልጅ አባት ቤቱን ሊያሳይ ይዞት ሲመጣ፣ እህቱ ቋጥኝ ላይ ተንጠልጥላ በማንኪያ ኩስ እየፋቀች በቆርቆሮ ትሰበስባለች።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለ ሰውየው።

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጎረቤት ናት።"

ከላይ ድምፅ መጣ። "አዎ፣ ጎረቤቱ ነኝ! አጥቤ፣ አብልቼ፣ ንፍጡን ጠርጌ ያሳደግሁት ጎረቤቱ!"

ጋብቻው ሆነ። ሙሽራዋ ከባሏ ይልቅ በባለኪሷ ሳቅ ተማርካ ነው እሺ ያለችው ይባላል።

ከወንዙ ዳር አንዲት ክፍል ነበረቻት። አልጋ፣ ወንበር፣ አንድ መስኮት። ከአልጋው ሥር በከረጢት የወፍ ኩስ፣ በግድግዳው ዙሪያ በቆርቆሮ የተዘራ ችግኝ። አንድ ሰው ሊያገባት ጠይቋት ነበር፤ ክፍሉን ሊያይ ገብቶ ባርኔጣውን አደረገና፣ "ሌላ ቀን እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። ይኸው አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ክፍሏ ስትጠባት ደጁን በመደብ በመደብ ከፍላ፣ የሣር ዳስ ጥላ ሠርታ፣ አፈርና ፍግ በፕላስቲክ እየሞላች ትክክለኛ ችግኝ ጣቢያ አደረገችው።

መንደሩ ከእሷ ጋር የቆመው ዘግይቶ ነው፤ የቆመውም በወፍጮው ምክንያት ነው። ወፍጯችን የሚዞረው በውሃ ነበር። ምንጩ እየቀጠነ ሄዶ ወፍጮው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሥራት ሲጀምር፣ ባለወፍጮው ወደ እሷ ክፍል ሄደና፣ "እትዬ፣ ዛፍ ውሃ ያመጣል የምትይው እውነት ነው?" አላት።

"ዛፍ ውሃ አያመጣም። የመጣውን ይዞ ያቆያል። እርስዎ እንግዳ ሲመጣ ይዘው እንደሚያቆዩት ማለት ነው።"

ባለወፍጮው በእንግዳ አያያዙ የታወቀ ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባው። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እሱ ሊቀመንበር ሆነ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ግንበኛ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ሲሆን ያን ጊዜ ስድሳ ሁለት ሞልቶኝ ነበር። በመንደሩ ከእኔ በላይ የተማሩ ነበሩ፤ ከእኔ በላይ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ ግን አልነበረም።

ከከተማው ደን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። አራት ሺህ አገር በቀል ችግኝ ትከሉ፤ ከክረምቱ መውጫ በኋላ ቆጣሪ እንልካለን፤ ሦስት ሺሁ ቆሞ ከተገኘ ተራራው ለሠላሳ ዓመት የመንደሩ ይሆናል፤ ካልተገኘ ግን ድንጋይ መፍጫ ለሚያቋቁም ድርጅት ይሰጣል ይላል። ደብዳቤውን ሳነብ ባለኪሷ ከኪሷ አንድ ፍሬ አውጥታ በጣቷ ስታሽከረክር ቆየችና፣ "አራት ሺህ አለኝ፤ ግን ሌላ አራት ሺህ የለኝም" አለች። የሠላሳ ዓመት ልቅምቃሚዋ ያ ነበር።

ሰባ አራት ቤተሰብ ወጥቶ በሁለት ሳምንት ተከልነው። ከዚያም ተራራውን ከንክኪ ነፃ ለማድረግ ዝግባዋ ሥር ተሰብስበን መተዳደሪያ ደንብ አወጣን። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ሦስት፣ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ የሚጸናው ከዝግባዋ ጥላ በታች ሲሰጥ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ ሰባት፣ ወደ ክልሉ ለአምስት ዓመት ማንም ሰው አይገባም ይላል። "ጠባቂም ቢሆን ብለው ይጨምሩበት ጋሼ" አለችኝ ባለኪሷ። "የበፊቱን ዘበኛ ረሱት? የተራራውን እንጨት ጠብቆ ጠብቆ ሁለት ቤት የሠራበትን?" ሁሉም ሳቀ፤ ጨመርኩበት። አንቀጽ ስምንት፣ የገባ ሰው ክልሉ ለሌላው ሲከፈት እንኳ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ዳግመኛ አይገባም ይላል። ይህ ቅጣት ጉባኤ አያስፈልገውም፤ ጸሐፊው መዝግቦ ያበቃል።

ከዚያ ወሰኑን በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች ከበብነው። ዝግባዋ እናት ዛፍ ናት፣ ዘር ትሰጣለች ተብሎ ከክልሉ ውስጥ እንድትሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አጨብጭበን፣ አካፋችንን አንስተን ወጣን። መሰብሰቢያችንን ከውስጥ ዘግተን መውጣታችንን አንድ ሰው እንኳ አላስተዋለም።

ባለኪሷ ጠባቂ ሆና ከውጭ በኩል ድንጋዮቹን እየተከተለች በቀን ሁለት ጊዜ ትዞር ነበር። በመጀመሪያው ወር አንድ ሰው ብቻ ያዘች፤ እሱም ወንድሟ ነው። ነፋስ ባርኔጣውን ከድንጋዩ ወዲያ ጣለበት፤ አራት እርምጃ ገብቶ አነሳው። እሷ ከጠመዝማዛው ብቅ አለች።

"ገባህ።"

"ባርኔጣዬን ነው እኮ!"

"ባርኔጣህ ቢገባ ችግር የለውም፤ ባርኔጣ ሰው አይደለም። አንተ ገባህ።"

"እቴቴ፣ ሙች በይኝ፣ ለአራት እርምጃ ትከሺኛለሽ?"

መጥታ አስመዘገበችው። ጻፍኩ። ወንድሟ ካጠገቧ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና ባርኔጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላናገራትም። መንገድ ላይ ሲያገኛት ጥርብ እንጨት እንዳየ ሰው ዙሪያዋን ይሄዳል። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። መንደሩ ግን ነገሩን ልብ አለ፤ ወንድሟን ያልማረች ማንን ትምራለች ብሎ አንድም ሰው ከድንጋዩ አላለፈም።

ቆጣሪው ሊመጣ አራት ሳምንት ሲቀረው የሊቀመንበሩ ፍየል ገባ።

ትልቅ፣ ጺማም፣ ኩሩ ፍየል ነው። ከነጩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ወዲህም ወዲያም ካየ በኋላ፣ ሊቀመንበሩ ዓይኑ እያየ፣ ወደ ውስጥ ዘለለ። ባለኪሷ እየሮጠች ደረሰች። ሊቀመንበሩ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር።

"እግርዎን!" አለችው። እግሩን መለሰ።

"ታዲያ ማን ያስወጣው?"

ፍየሉ አንዲት ወይራ ከጫፏ ቀጠፈና እያየን አኘካት።

ሁላችንም በዚያው ቀን ወፍጮ ቤት ተሰበሰብን። ዱቄት በዱቄት ሆነን ሦስት ሰዓት ተከራከርን። ፍየል ለማስወጣት ሰው እንዲገባ ደንቡ ይሻሻል የሚለውን ሰባ አራታችንም ደገፍን። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ፣ "ይሄ ጣራ አይደል እንዴ?" ብላ ወደ ላይ ጠቆመች። እውነቷን ነው፤ በጣራ ሥር የተወሰነ አይጸናም። ሁላችንም ተነስተን ወደ ዝግባዋ ለመሄድ በሩ ላይ ስንጋፋ ነው ነገሩ የተገለጠልን። ዝግባዋ ውስጥ ናት። ደንቡን ለማሻሻል መግባት አለብን፤ ለመግባት ደንቡን ማሻሻል አለብን።

ሰዎች ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔ ደንቡን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ እስከ ዛሬም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። በመጀመሪያ ሊቀመንበሩ ጨው በመዳፉ ይዞ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። "ና የኔ ጌታ፣ ና የኔ ጎበዝ" ሲል ዋለ። ለሚስቱ እንኳ እንዲህ ብሏት አያውቅም ብለው ሴቶቹ ሳቁበት። ፍየሉ ከሩቅ አየውና ፊቱን አዞረ። ሰዉ ፍየሉን "የክብር እንግዳው" ማለት ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ሴት ፍየሏን አመጣች። "ወንድ ምን እንደሚያስወጣው እኔ አውቃለሁ" አለች። ፍየሏን በገመድ አስረን ድንጋዩ አጠገብ አቆምናት። የክብር እንግዳው ወደ ታች ወረደ፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እሷ ገመዱን በጠሰችና ዘላ ገባች። ሁለት ሆኑ።

በስድስተኛው ቀን የሊቀመንበሩን ውሻ ለቀቅንባቸው። ውሻ ሰው ስላልሆነ ደንቡ አይከለክለውም። ውሻው ፍየሎቹን ወደ ላይ፣ ትንንሾቹ ጥዶች ወዳሉበት፣ አሳደዳቸው። ሲደክመው ወርዶ ዝግባዋ ሥር ተጋደመ። ባለኪሷ፣ "ይኸው፣ ጉባኤ የሚቀመጥ አንድ እንኳ ተገኘ" አለች። ሳትስቅ ነው ያለችው። ከውጭ ሆና እየዞረች የተነጨውን ችግኝ ትቆጥር ነበርና።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሴቷ ፍየል መንታ ወለደች።

"እርጉዝ መሆኗን ለምን አልነገርሽንም?" አላት ሊቀመንበሩ።

"መች ጠየቃችሁኝ? ፍየል ነው ያላችሁኝ፣ ፍየል ሰጠኋችሁ!"

አንዱ ሰው በበቅሎ ተቀምጦ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ፤ እግሩ መሬት አይነካም ብሎ። ሌላው ማንነቱ እንዳይታወቅ ጆንያ ለብሶ ይግባ አለ። ባለኪሷ ሁለቱንም ከለከለች። "ዛሬ ለፍየል የተገኘ ዘዴ ነገ ለማገዶ ይገኛል" አለች። ወንድሟ ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ምራቁን ጢቅ አድርጎ ሄደ።

የጥላው ሐሳብ የእኔ ነው። ደንቡ ከዝግባዋ ጥላ በታች ነው የሚለው። ማታ ማታ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዝግባዋ ጥላ ረዝሞ ከነጩ ድንጋይ ወዲህ ይወርዳል። እዚያ ጥላ ውስጥ ከተሰበሰብን ጉባኤው ጸንቷል ማለት ነው። ሁሉም አደነቀኝ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ችግሩ ጊዜው ክረምት መሆኑ ነው። አራት ቀን በየማታው ሰባ አራት ሰው ደመናውን እያየ ቆሞ አመሸ፤ ፀሐይ የለም፣ ጥላ የለም።

በአምስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ጥላው እየተሳበ መጣና ድንጋዩን አለፈ። ግን የዛፍ ጫፍ ቀጭን ነው፤ ከወሰኑ ወዲህ ያለፈው ጥላ የአንድ አልጋ ያህል ነበር። ድምፅ ለመስጠት ሃምሳ ሰው ያስፈልጋል። ተጋፋን፣ ተሸካከምን፣ ልብስ ሰፊዋ ሊቀመንበሩ ጀርባ ላይ ወጣች። ሠላሳ አንድ ሰው ገባ። "ትንፋሽ ዋጡ!" እያልኩ ስቆጥር ጥላው ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ እኛም እንደ መንጋ አብረነው ተንሸራተትን፤ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። ፀሐይዋ ጠለቀች። ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ዘጠኙ በተቀደደ ሱሪ፣ እኔ ያለ መነጽር ወደ ቤታችን ተመለስን።

ባለኪሷ ጉባኤውን አልተቀላቀለችም ነበር። ስናልፍ አስቆመችኝ። "ጋሼ፣ ዛሬ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ቀርቷል። ፍየሎቹ በቀን ሠላሳ፣ አርባ ያጠፋሉ። ቆጣሪው በዘጠኝ ቀን ይመጣል። ሒሳቡን እርስዎም ያውቁታል።"

"ምን ይሻላል ታዲያ?"

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰዉን ሁሉ ይጥሩልኝ። መዝገብዎንም ይያዙ።"

በማግስቱ ሁሉም መጣ። እሷ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ ነጩ ድንጋይ አጠገብ ቆማለች። ወንድሟም መጥቶ ነበር፤ ከሁሉም ኋላ፣ እጁን አጣምሮ።

"ስሙኝ" አለች። "እኔ የዚህ ክልል ጠባቂ ነኝ። አሁን እገባለሁ። ፈቃድ የለኝም። ዘዴም የለኝም። ስገባ እዩኝ፤ ጋሼም ይመዝግቡ። ነገ 'ባለኪሷ በምክንያት ነው የገባችው' የሚል ሰው ካለ፣ ምክንያት ሁሉም አለው። ወንድሜም ነበረው።"

"እትዬ፣ እረፊ!" አለ ሊቀመንበሩ። "ፍየሉ የእኔ ነው፣ እኔ ልግባ!"

"እርስዎ ቢገቡ ፍየልዎን ሊያወጡ ገቡ ይባላል። እኔ ስገባ ደንቡን ጣሰች ይባላል። የሚሻለው የቱ ነው?"

ገባች። ብዕሬን አንስቼ ጻፍኩ። የዚያን ቀን ጽሑፌ እንደማይነበብ አምናለሁ።

ፍየሎቹን ለማስወጣት ግማሽ ሰዓት ይበቃ ነበር። እሷ ግን ወደ ፍየሎቹ አልሄደችም። ከመጀመሪያው ወይራ ጀመረች። ተንበርክካ አረሙን ነቀለች፣ አፈሩን ጠቀጠቀች፣ ቀጥላ ወደሚቀጥለው ሄደች። የተጋደመውን በድንጋይ ደገፈች። እያንዳንዱን እንደ ሕፃን ራስ ትዳብሰዋለች። እኛ ከውጭ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ፍየሎቹም ቆመው ያይዋት ነበር።

"እትዬ!" ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ። "ፍየሎቹ!"

"አታጣድፉኝ!" አለች ቀና ሳትል። "ዳግመኛ አልመጣም!"

ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ቀትር ላይ ዝግባዋ ዘንድ ደረሰች። ግንዷን በመዳፏ አንዴ መታ አደረገችና ግልገሎቹን በሁለት ክንዷ አቅፋ ቁልቁል ወረደች። እናታቸው ተከተለቻት፣ የክብር እንግዳው እናትየዋን ተከተለ፣ ውሻው ሁሉንም ተከተለ። እንዲህ በሰልፍ ወጡ። ነጩን ድንጋይ ስትሻገር አጠገቧ ማንም አልነበረም። ወንድሟ ሰዉን ገፍቶ መጣና ፊት ለፊቷ ቆመ።

"እብድ!" አላት።

ከዚያ አንዱን ግልገል ከክንዷ ተቀበላትና አብረው ወረዱ።

ቆጣሪው በቀኑ መጣ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ጫማው ከተማ የለመደ ሰው ነበር። መግባት ክልክል ነው ስንለው ደስታው ወሰን አጣ። ከማዶው ኮረብታ ወንበር አስቀምጠንለት በሩቅ ማሳያ መነጽር ሁለት ቀን ቆጠረ። ሦስት ሺህ አርባ ስድስት ብሎ ፈረመ። ከእነዚያ አንዱ ቁጥቋጦ እንደነበር፣ አንዱ ደግሞ ተመልሶ የገባው ውሻ ጅራት እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ ግን ቁጥሩ ይበቃ ስለነበር አልተናገርኩም።

አምስት ዓመት ሞላ። ክልሉ ተከፈተ፤ ሰው ሣር ማጨድ፣ ቀፎ መስቀል ጀመረ። ምንጩ ወፈር ብሎ ወፍጮው በሳምንት አራት ቀን ይዞራል። ዝግባዋ ሥር ከአምስት ዓመት በኋላ ስንሰበሰብ የመጀመሪያው አጀንዳ ለሁለቱ እህትና ወንድም ይቅርታ መስጠት ነበር። ሁሉም እጁን አወጣ። ያኔ ልብስ ሰፊዋ አንቀጽ ዘጠኝን አስታወሰችን፤ ይቅርታ የሚጸናው ጥፋተኛው ከጉባኤው ፊት በአካል ሲቀርብ ነው ይላል። ጥፋተኞቹ ደግሞ መግባት አይችሉም። አንቀጽ ዘጠኝንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰው ልኬ ነገሩን አስነገርኳት። "እንኳን!" ብላ ሳቀች አሉ። "አንዴ ይቅር ካላችሁ ማቆሚያ የላችሁም።"

ወንድሟ ከነጩ ድንጋይ ወዲህ አግዳሚ ወንበር ሠርቶላት ነበር። ከሥራ ሲመለስ እዚያ አብረው ይቀመጣሉ፣ ጫካውን ያያሉ፣ ይጣላሉ። ግን ወፎች ደንብ አያውቁም። ዘሩን ከድንጋዩ ወዲህ እየጣሉ በወንበሩ ዙሪያ ወይራ በቀለ። ኮሚቴው የበቀለው ሁሉ እንዲጠበቅ ወስኖ ድንጋዮቹን ወደ ታች አወረዳቸው። ወንበሩ ከውስጥ ሊሆን ሆነ፤ እህትና ወንድም ወንበራቸውን ተሸክመው ወረዱ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ወረዱ። እስካሁን አራት ጊዜ ተሰደዋል። ዘንድሮ ድንጋዩ ከክፍሏ በር ሃያ እርምጃ ላይ ነው።

ይህን ልጽፍ ስነሳ ሄጄ ወንበሩ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። በሕይወቷ ከሁሉ የሚበልጥባት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ወንድሟ ከወዲያ በኩል ቢላ ይስል ነበር። እንዲህ አለችኝ፦

"ጫካው ነው እንድልዎ ይፈልጋሉ ጋሼ፣ አውቄዎታለሁ። ጫካው ደግ ነው። ባይበቅል ኖሮ ግን ሌላ ዘር እለቅም ነበር፤ ኪስ መች አጣሁ? ይሄ ሰውዬ ግን አንድ ነው፤ ሌላ የለኝም። እሱን ያስመዘገብኩ ቀን ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ እህል በአፌ አላዞረልኝም። በእሱ ላይ የፈረድኩትን በራሴ ላይ ካልፈረድኩ የተራራ ዘበኛ ሆኜ እቀር ነበር፤ የሰው እህት መሆኔ ያበቃ ነበር። ያን ቀን ፍየሎቹን ይዤ ስወጣ 'እብድ' አለኝ። እፎይ አልኩ። ይህን ይጻፉልኝ። የፍየሉን ነገር ግን ባያነሱት ይሻላል፤ ሊቀመንበሩ እስከ ዛሬ ያፍራሉ።"